ምሰሶውን ወደ ቀኝ ስላዞረው ስም የለሽ እጅ

ለክቡር ዶክተር ኮሊን ባርትሌት
የማታሳዋ ነጻ ሶፍትዌር ማኅበር ሰብሳቢ
ሱቫ

ጉዳዩ፦ የድረ ገጻችንን የለውጥ መዝጋቢ ስለ ማሻሻል፣ እግረ መንገዱንም ስለ ማፈር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ጉልበትዎን እንደሚጠዘጥዝዎት ከአንደበትዎ ሰምቼ ነበርና፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ጉልበትዎም ወገብዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንዲገኙ፣ የቤትዎ ጣሪያ እንዳያፈስ፣ ዓይንዎም ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርታት እንዲኖረው ከልብ እመኛለሁ። እኛ በበኩላችን ደህና ነን፤ ሰው ፊት ቀና ብለን ለማየት ከመቸገራችን በስተቀር ሌላ ሕመም የለብንም።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ «ስለ ድረ ገጹ አስተያየት ያለው አባል በጽሑፍ ያቅርብ» ብለው በደግነት ስለፈቀዱልን፣ ያንን ፈቃድ ተጠቅሜ ይህችን እጽፋለሁ። ለእርስዎ ብቻ መላክ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በደሉ የተፈጸመው በአደባባይ ስለሆነ ሐፍረቱም በአደባባይ ቢሆን ይሻላል ብዬ ለአባላቱ ሁሉ በኢሜይል ልኬዋለሁ፣ በዓሣ ገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ለጥፌዋለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ሰሌዳው ላይ ለሚያነብ መንገደኛ ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ማታሳዋ በትንንሽ ጀልባ ለሚወጡ ሰዎች የተሠራ የስልክ ፕሮግራም ነው። ባሕሩ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል፣ በየመንደሩ ፊት ያለው የኮራል አለት በየት በኩል እንደሚከፈት፣ በሩን ሲያልፉ የትኛውን ምልክት በየትኛው እጅ በኩል ማድረግ እንደሚገባ ይናገራል። ነጻ ነው፤ ነጻ ስንልም ዋጋ የለውም ማለታችን ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያርመው፣ ለጎረቤቱ ሊያካፍለው ይችላል ማለታችን ነው። የመጀመሪያውን መስመር የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ይህንን ማንም አይክድዎትም፣ እርስዎም ማንም እንዲረሳው ፈቅደው አያውቁም። ፕሮግራሙ መረጃውን የሚቀዳው ከድረ ገጻችን ነው፤ ድረ ገጹም በእንግሊዝኛ፣ በፊጂኛና በሂንዲ ይነበባል። ስለዚህ እዚያ ላይ የተቀየረ አንድ ቃል በዚያው ዕለት ባሕር ላይ ያለ ሰው እጅ ይገባል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ። ድረ ገጹ ሲመሠረት የተከሉልን የለውጥ መዝጋቢ፣ ማን ምን እንደቀየረ ከመጻፉም በላይ፣ አንድ ሰው ለማረም የያዘውን ገጽ ሌላው እንዳይነካው በያዘው ሰው ስም የሚቆልፍ ነበር። በጊዜው ጥሩ ሐሳብ ነበር። እርስዎም ገጾቹን በሙሉ በስምዎ ቆልፈው ወደ ብሪዝበን የልጅዎን ሠርግ ሊያዩ ሄዱ። ሠርጉ አለፈ፣ የልጅ ልጅ ተወለደ፣ የልጅ ልጁም ጥርስ አበቀለ፤ ቁልፉ ግን በስምዎ እንደጸና ቀረ። እንዲህ ያለ ጽናት በዘመናችን ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንድማማችነታችን አመሰግናለሁ። በር ሲቆለፍ ሰው በመስኮት መግባቱ አይቀርምና፣ እርስዎ ራስዎ መዝጋቢውን ወደ ጎን ትተን ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ያሉትን ገጾች በቀጥታ የምንነካበት፣ «ማታሳዋ» የሚል አንድ የጋራ መግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል አደሉን። ከዚያ ወዲህ የሁላችንም ስም አንድ ሆነ። ይህንን ገጽ ማን ቀየረው? ማታሳዋ። ማን ሰረዘው? ማታሳዋ። ማን መለሰው? ማታሳዋ። ገጾቹ ራሳቸው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ ትክክለኛው» እየተባሉ እንደ ንጉሣውያን ቤተሰብ ስም ላይ ስም ይደራርቡ ጀመር። ከእኛ መካከል ግን ስም ያለው አንድም አልነበረም። ስም የሌለው ሰው ደግሞ አያፍርም፤ ጥቅሙ ይኸው ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና በቁጥር ለማስቀመጥ ብዕሬ አልታዘዝ ስላለኝ፣ እንደተፈጸመው ልተርከው ይፍቀዱልኝ።

እማማ ታራይቪኒ ራሎ ብቸኛዋ የፊጂኛ ተርጓሚያችን መሆናቸውን ያውቃሉ። በኦቫላው ደሴት፣ ከሌቩካ ወደ ደቡብ ባለ መንደር ይኖራሉ፤ መምህርት ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ያለፈው አውሎ ነፋስ በመንደራቸው ፊት ያለውን የኮራል በር ምልክት ምሰሶ ነቅሎ ከወሰደው በኋላ፣ አዲሱ ምሰሶ የተተከለው ከበሩ በወዲያኛው ወገን ነው። ስለዚህ «ስትገባ ምሰሶውን በቀኝህ አድርግ» ይል የነበረው መመሪያ «በግራህ አድርግ» መባል ነበረበት። የእንግሊዝኛው ገጽ ተስተካከለ፤ እማማም በሳምንቱ የፊጂኛውን አስተካከሉ። ሥራቸው ተጠናቆ ነበር።

በዚያው ሰሞን የድረ ገጹን ገጽታ የሚያሳምሩት ልጆች፣ ከፊት ለፊቱ ገጽ ላይ የእርስዎን የሰላምታ መልእክትና በጀልባ ላይ ቆመው አድማሱን የሚያመለክቱበትን ፎቶግራፍ አንስተው በቦታው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ አስገቡበት። ሰው ከፎቶግራፍዎ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ማየት ይመርጣል ብሎ ማሰብ ምን ያህል የልጅነት ስሕተት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፎቶግራፉ ተመልሶ አየነው። ከእርሱ ጋር ሌሎች አሮጌ ነገሮችም ተመልሰው ነበር፤ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የነበሩትን ሱቫ ያለነው አባላት እያየን፣ እያጉረመረምን፣ አንድ በአንድ አረምናቸው። የፊጂኛውን ግን አንዳችንም ከፍተን አላየነውም።

ሴሚ ቮሳኪ የሚባል ወጣት ከላው ደሴቶች መጥቶ ከእማማ ታራይቪኒ መንደር ያገባ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው የኮራሉን በር ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈዋል፤ ሴሚ ግን የሰው አገር ሰው ስለሆነ ስልኩን ያምናል። ዝናብ የባሕሩን ፊት ባደበዘዘበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሚስቱ ወንድም ጋር ዓሣ ሸጦ ሲመለስ፣ ስልኩ በፊጂኛ «በቀኝህ አድርግ» አለው። ሴሚም በቀኙ አደረገ። ጀልባዋ አለቱ ላይ ወጣች፣ ሞተሩ ተነቅሎ የሴሚን እግር ከጎኗ ጋር ጨፈለቀው። የሚስቱ ወንድም አንገቱን ይዞ አውጥቶታል። ሰው አልሞተም፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተፈጭቶ ነበርና፣ ሐኪሞቹ ቢጠግኑትም እንደ ድሮው እንደማይሆን ነግረውታል።

ማኅበራችን አንድ ነገር ማለት ነበረበት። እርስዎም በዚያ በሚታወቁበት ፍጥነት በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፍዎ ሥር፣ «የደረሰው ስሕተት ከበጎ ፈቃደኛ የፊጂኛ ተርጓሚያችን የመነጨ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ስማቸውን ስላልጠቀሱ ምስጋና ይድረስዎ። አንዲት ተርጓሚ ብቻ ባለችበት ማኅበር ስም አለመጥቀስ ታላቅ ጨዋነት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ዳውላው ደግሞ ኦቫላው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

በመንደሩ ማስታወቂያውን የቄሱ ሚስት ከስልኳ ላይ ለሴቶች ማኅበር አነበበችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሴሚ ሚስት አሊሲ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር ጎረቤታቸው፣ እማማን ሰላም ማለት አቆመች። እማማም በቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበራቸው ተነሥተው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ለእኛ አንድ መልእክት ብቻ ላኩ፦ «እኔ የማስታውሰው ግራ ብዬ እንደጻፍኩ ነው።» ማንም አልመለሰላቸውም። ምን ብለን እንመልስ? የሰርቨሩን መዝገብ ብንከፍተው የሚለን ማታሳዋ ነው።

ይህንን ሁሉ የምጽፈው እርስዎ የማያውቁት መስሎኝ አይደለም። ወደ ስብሰባው ልምጣ።

ሰርቨሩን የሚጠብቅልን ባልደረባችን ሻሌንድራ ፕራታፕ፣ አዲስ የለውጥ መዝጋቢ ይተከል የሚለውን ሐሳቡን ይዞ መጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ስሙ እንዲገባ፣ የቀየረበትን ምክንያት በአንድ መስመር እንዲጽፍ፣ ሌላ ሰው ሳያነብለት ምንም ነገር ወደ አደባባይ እንዳይወጣ፣ የእንግሊዝኛው ገጽ ተቀይሮ ትርጉሙ ካልተከተለ ገጹ ላይ ቀይ ምልክት እንዲታይ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ቢሠሩ እንኳ መቆላለፍ ሳያስፈልግ ሥራቸው እንዲገጣጠም የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በትሕትና አስረዳ። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጡት በኋላ፣ በሠለጠነ ሰው መካከል መተማመን እንጂ ክትትል እንደማያስፈልግ ነገሩን። ቀጥለውም፣ እንደ ማስረጃ፣ ይህንን አሉ፦

«እኔ ራሴ እኮ ገጾቹን የነካሁት አንድ ጊዜ ነው። ሰላምታዬን ልመልስ ብዬ ከቤት ኮምፒውተሬ አሮጌውን ፎልደር እንዳለ ገለበጥኩበት። ምን ችግር መጣ? ምንም።»

ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ብዕሬ ቆመ። ሻሌንድራ ወደ ወረቀቱ እያየ፣ በዝግታ፣ «ዶክተር፣ እንዳለ ሲሉ የፊጂኛውንም ጨምሮ ነው?» አለዎት።

«እንዳለ ማለት እንዳለ ነው» አሉ። ከዚያ መነጽርዎን አወለቁ። በሸሚዝዎ ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ በመስኮቱ በኩል ዝናቡን አዩ። እኔ ያን ጊዜ ፊትዎን አይቼዋለሁ፤ ገብቶዎታል። ሁላችንም ገብቶናል። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ምሰሶውን ወደ ቀኝ ያዞረው የማን እጅ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ያውቅ ነበር።

«ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ።

አለፍን። ክቡር ሆይ፣ የሚያሳፍረኝ የእርስዎ ማለፍ አይደለም፤ የእኛ አብሮ ማለፍ ነው። የሚቀጥለው አጀንዳ ለማኅበሩ የምሥረታ በዓል የሚታተመው ሸሚዝ ቀለም ነበር። ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ብዙ ተከራከርን። እኔም ለሰማያዊው እጄን አወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኛ ዝምታ ግን እዚያው በተቀመጥንበት ሲነቅዝ ሽታው ይሰማኝ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ደረጃው ላይ ሻሌንድራ ጠበቀኝ።

«ኡና፣ አንቺም ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ጠየቅኩ።»

«ጠይቀህ ዝም አልክ። የኔ ይሻላል፤ እኔ አልጠየቅኩም።»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አልቻለም። ወደ አጎቴ ወደ አፒሳይ ቤት አብረን ሄድን። አጎቴ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አንደበቱ የተፈታ ሽማግሌ ነውና ነገሩን ሁሉ ነገርነው፤ እማማ ታራይቪኒ ዘንድ ለሶሮ እንዲመራንም ለመንነው። ሰምቶ ሲጨርስ ያጠፋው ማን እንደሆነ ጠየቀን፤ ሰብሳቢው ናቸው አልነው። «እና ለሶሮ ለምን እናንተ ትሄዳላችሁ?» አለ። ሶሮ ማለት የበደለ ሰው ለክብር ተቀጥቅጦ የሚጠጣ የያንጎና ሥር ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ተበደለው ቤት የሚሄድበት እርቅ መሆኑን እርስዎ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ አላስረዳዎትም። ሰምተን ዝም ስላልን ነው አልኩት። «እንግዲያው ሂዱ። እኔም እመጣለሁ» አለ።

አብረውን እንዲሄዱ ጽፌልዎት ነበር። «ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ ከባህል ጋር ባታቀላቅሉት መልካም ነው» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላው ቢቀር መልስ ሰጥተዋል።

ከናቶቪ ወደብ ወደ ኦቫላው በጀልባ ተሻገርን። እማማ ታራይቪኒ መምጣታችንን ሰምተው ነበር፤ ምንጣፉን አንጥፈው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘናቸው። እኛ በሩ ሥር፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተቀመጥን። አጎቴ የያንጎናውን እስር ፊታቸው አስቀምጦ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ማኅበሩ እንደበደላቸው፣ የጻፉት ትክክል እንደነበረ፣ ሥራቸውን ያጠፋነው እኛ እንደሆንን፣ በሐሰትም ስማቸውን እንዳጠፋን ተናገረ። የእርስዎን ስም አልጠራም። «እኛ» ነው ያለው። ያንን «እኛ» ስሰማ፣ በጋራ ስማችን ስንገባ ከነበርንበት «ማታሳዋ» ምን ያህል እንደሚለይ ገባኝ፤ ይኸኛው ይከብዳል።

ተበዳዩ ሥሩን ከነካው ይቅር ብሏል ማለት ነው። እማማ አልነኩትም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ሻሌንድራ ዞሩ።

«ግራ ብዬ የጻፍኩት አሁን የት አለ?»

«የለም፣ እማማ። በላዩ ላይ ተገልብጦበት ጠፍቷል።»

«ማን እንዳጠፋውስ አይታይም?»

«አይታይም። ሁላችንም በአንድ ስም ነው የምንገባው።»

«እኔም በዚያ ስም ነበርኩ» አሉ። «አሊሲ መጥታ አንቺ ነሽ ወይ ስትለኝ ምን አሳያት? ቃሌን ብቻ። ቃሌ ደግሞ እየሳሳ መጣ። ልብስ ሳሰጣ ቆም እያልኩ፣ ቀኝ ብዬ ጽፌ ይሆን እንዴ እላለሁ። ልጆችን ስንት ዘመን ቀኝና ግራ ያስተማርኩ ሰው፣ እጄን እያየሁ የቱ ነው ማለት ጀመርኩ።»

አጎቴ ራሱን እንደደፋ ቀረ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ነገርኳቸው። እናቴን ያውቋታል። «ፊጂኛ ታነቢያለሽ ማለት ነው።»

«አነባለሁ፣ እማማ።»

«እና ገጹ ተመልሶ ቀኝ ሲል አላየሽውም?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «እንግሊዝኛውን ነው የማነበው» አልኩ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን በቻልኩት። «እኔስ ታዲያ» አሉ፣ «ለማን ነበር የምተረጉመው?»

ክቡር ሆይ፣ ሱቫ ውስጥ የፊጂኛ ተናጋሪ አባላት ቁጥራችን ጥቂት አይደለም፤ በየንግግሩ ስለ ቋንቋችን ክብር የምናወራ፣ ሸሚዛችን ላይ እንኳ የፊጂኛ ቃል ይታተም ብለን የምንሟገት ነን። ከመካከላችን አንድ ሰው ያንን ገጽ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ሴሚ ዛሬ በሁለት እግሩ ይቆም ነበር። የእርስዎ እጅ ገለበጠው፤ የእኛ ዓይን አላየውም። መዝጋቢው ቢኖር ቀይ ምልክት ያሳየን ነበር፤ ሰው ሲሆን ግን ያለ ቀይ ምልክትም ያያል።

እማማ አሊሲ እንድትጠራ አዘዙ። እሷም መጥታ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። አጎቴ የተናገረውን ሁሉ ለእሷ ደግሞ ተናገረ። ሰማችው። ማልቀስ ወይም መጮኽ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እማማ ብቻ እያየች፣ «እሁድ ወደ ፊት ወንበርሽ ተመለሺ» አለች። ቀጥላም እኛን ሳታየን፣ «እናንተ ደግሞ ሴሚን ሳታዩ እንዳትሄዱ» አለችን። ያን ጊዜ ነው እማማ እጃቸውን ዘርግተው ሥሩን የነኩት።

ሴሚን አየነው። በረንዳ ላይ እግሩን በትራስ ላይ አጋድሞ መረብ እየጠገነ ነበር። ሻሌንድራ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ስለ ፎልደር፣ ስለ ሰርቨር። ሴሚ በጨዋነት ካዳመጠው በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁን ግራ ይላል?»

ይላል። እንዴት እንደሚል ልንገርዎትና ልጨርስ።

ከኦቫላው እንደተመለስን ሻሌንድራ አዲሱን መዝጋቢ በራሱ ማሽን ላይ ተከለው፤ ፈቃድዎን አልጠበቅንም፣ ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ሕጉ ይፈቅድልናል፤ ይህንን ሕግ የጻፉልን እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህም ደግሜ አመሰግናለሁ። ገጾቹን ሁሉ አስገባንበት። ገጾቹ ላይ ከሚሠሩት አባላት አብዛኞቹ በገዛ ስማቸው ገብተዋል። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ላይ ተሽኮርመሙ፤ ስሕተታቸው በስማቸው መታየቱ እንደ ገላ መራቆት ሆነባቸው። እኔም ተሽኮርምሜ ነበር። የፊጂኛውን ገጽ አሁን የማነበው እኔ ነኝ፤ እማማ የላኩትን ሳላነብ አይወጣም፣ በሥሩም «አነበብኩት፣ ኡናይሲ ታማኒ» ይላል። ሙሉው ቅጂ በበርካታ አባላት ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ፣ አንድ ሰው እንዳለ ገልብጦ ሊያጠፋው አይችልም፤ ቢሞክርም በስሙ ይታያል፣ የነበረውም ተመልሶ ይወጣል።

በአዲሱ መዝጋቢ የገባው የመጀመሪያው ለውጥ የእማማ ታራይቪኒ ነው። አንዲት ቃል ናት፦ ግራ። ምክንያት በሚጻፍበት መስመር ላይ የጻፉትንም ሁላችንም አንብበነዋል። «ቀድሞም ግራ ነበር» ይላል።

ያችን ቃል በዚያው ዕለት በአሮጌው ገጽ ላይም አስገብተናታል፤ የቀረን የአደባባዩን አድራሻ ወደ አዲሱ ቦታ ማዞር ነው፤ እሱ ደግሞ በእርስዎ እጅ ብቻ ያለ ነገር ነው። በአሮጌው ገጽ ላይም ያ ማስታወቂያ ዛሬም ከፎቶግራፍዎ ሥር ተለጥፎ አለ። እኛ ልናነሣው እንችል ነበር፤ የጋራውን የይለፍ ቃል ገና አልረሳነውም። ነገር ግን ስም የለሽ እጅ ያነሣው ውሸት እንደተነሣ አይቆጠርምና እርስዎን እንጠብቃለን። በአዲሱ ውስጥ ስምዎ ተዘጋጅቶልዎታል። ገብተው ማስታወቂያውን ያንሡ፤ በምክንያቱም መስመር ላይ የሚጽፉት ቃል ከጠፋዎት፣ እኛም ጠፍቶን እንደነበር፣ ኦቫላው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሳለን ግን እንዳገኘነው በትሕትና እገልጻለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ የልጅ ልጅዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ፣ በሄዱበት ባሕር ሁሉ ውሃው ጥልቅ፣ መንገዱም ክፍት ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለሰማያዊው ሸሚዝ እጇን ያወጣችው፣ በስብሰባዎ ያልተናገረችው፣ አሁን ግን በሙሉ ስሟ የምትፈርመው ታዛዥዎ፣

ኡናይሲ ታማኒ
የማኅበሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማታሳዋ አባላት በሙሉ
ለአቶ ሴሚ ቮሳኪና ለወይዘሮ አሊሲ፣ ኦቫላው
ለወይዘሮ ታራይቪኒ ራሎ፣ ኦቫላው (በፊጂኛ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመንደሩ ስንነሣ እማማ ታራይቪኒ በኮኮናት ቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት አስይዘውኛል፤ ውስጡ ካሳቫና በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለሰብሳቢያችሁ ነዋ፤ ብቻውን ነው የሚኖረው ብለሽኝ የለ» አሉኝ። ስምዎን በፊታቸው በበደል አንሥተን አናውቅም፤ ገጹን ያጠፋው የእርስዎ እጅ መሆኑን እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። «የተጣላ ሰው ምግብ አይላላክም በይልኝ» ብለውኛልና፣ ይኸው ብያለሁ። ቅርጫቱ ያለው እኔ ቤት ነው። ላመጣልዎ ተነሥቼ በርዎ ላይ ስደርስ ዓይንዎን ለማየት አፍሬ ተመልሻለሁ፤ እባክዎ እርስዎ ይምጡና ይውሰዱት።